ቮልሴ ውስጥ የገባው የሱባሩ ሞተር

የቮልስ ወዳጆች ይቆጡኝ ይሆናል፤ ይቆጡ። የ1300ው ሞተር ጉልበት አርባ ምናምን ፈረስ ነው፣ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ሳይቀር ክላክስ እያደረገብኝ ያልፈኝ ነበር። አውጥቼው 2.2 ሊትሩን የሱባሩ ኢጄ22 ገጠምኩ።

ሱባሩ የሆነበት ምክንያት አለው። እንደ ቮልሱ ፒስተኖቹ የተኙ ናቸው፣ ቁመቱ አጭር ነው፣ የሚዞርበት አቅጣጫም ከቮልስ ካምቢዮ ጋር ይስማማል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የኮርቬየር (የአሜሪካው ሸቭሮሌት መኪና) ሞተር የሚዞረው በተቃራኒው ስለሆነ እሱን የሚገጥሙ ሰዎች ካምቢዮውን በትነው ትልቁን ጥርስ ይገለብጣሉ፣ አለዚያ መኪናው አራት ማርሽ ወደ ኋላ ይኖረዋል።

ሞተሩን ከካምቢዮ የሚያጋጥመው ብረትና ለቮልስ ፍሪሲዮን የሚሆነው ቮላኖ (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት) ተሠርተው ይሸጣሉ፣ እዚያ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ታይሚንግ ቺንጋውንና የውሃ ፓምፑን ግን ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ቀይሩ፣ ከገባ በኋላ እጅ አያስገባም።

አበሳው ውሃው ነው። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ መኪና ነው፣ ራዲያተር አያውቅም። ራዲያተሩን ከፊት አስቀምጬ ሁለት ቱቦ ከወለሉ ሥር እስከ ሞተሩ ዘረጋሁ። ታዲያ በዚያ ሁሉ ቱቦ ውስጥ አየር ይቀራል፤ ሞተሩ ሊፈላ ደርሶ ራዲያተሩን ስትነኩት ቀዝቃዛ ነው! የራዲያተሩ አናት ላይ ማስተንፈሻ ቡሎን ይኑር። እሱን ከፍቶ፣ አረፋ የሌለው ውሃ እስኪወጣ ድረስ እየሞሉ መጠበቅ ነው፣ አቋራጭ የለውም።

ሽቦውንና ኮምፒውተሩን ሞተሩ ከወጣበት መኪና ላይ ሙሉውን ውሰዱ። እኔ ወለል ላይ ዘርግቼ እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ስሙን ለጠፍኩ፣ ከዚያ በኋላ ነው የማያስፈልገውን የቆረጥኩት። ነዳጁም ሌላ ነው፦ የቮልሱ ካርቡራተር በትንሽ ግፊት ይረካል፣ የሱባሩ ኢንጄክሽን (ነዳጁን በግፊት የሚረጨው) 3 ባር ገደማ ስለሚፈልግ ፓምፑም የነዳጁ ጎማ ቱቦም ይቀየራል፣ ወደ ታንከሩ መመለሻ መስመርም ይጨመራል።

ጉልበቱ ሦስት እጥፍ ሆኖ ፍሬኑ የድሮው ታምቡር ከሆነ ግን እብደት ነው። ሞተሩ ሳይነሳ በፊት የፊቱን ዲስክ አደረግኩት።

የቀረው ከሥር ያለው ነው። የሱባሩ ጭስ መውጫ ወደ ታች ያያል፣ የዘይት ቋቱም ዝቅ ይላል። ቋቱን የሚያሳጥሩ አሉ፣ ያኔ ዘይት መምጠጫውም አብሮ ማጠር አለበት። እኔ ለጊዜው መከላከያ ብረት አሰርኩበት፣ ጉብታ ሳይ በሰያፍ ነው የማልፈው።