የአጃንታ ምርጊትና የረጠበው መሐረብ

ከአገር ቤት ለሥልጠና ወደ ህንድ ለሚመጡ የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች በአስተርጓሚነት እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ አንዱን ቡድን ይዤ ወደ አጃንታ ዋሻዎች ሄድኩ። አጃንታ በማሃራሽትራ ግዛት፣ የዋጎራ ወንዝ በግማሽ ክብ በሚዞርበት ገደል ላይ 30 ያህል የቡድሂስት ዋሻዎች የተፈለፈሉበት ስፍራ ነው፤ ቀደምቶቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ምዕት ዓመት የተጀመሩ ሲሆኑ፣ ስመ ጥር ከሆኑት ሥዕሎች አብዛኞቹ ግን በ5ኛው ምዕት ዓመት፣ በቫካታካው ንጉሥ በሃሪሼና ዘመን የተሣሉ ናቸው።

በ17ኛው ዋሻ የቡድሃን የቀድሞ ሕይወቶች የሚተርኩትን ሥዕሎች እያየን ሳለ፣ በዕድሜም በሙያም አንጋፋችን የሆኑትን ጋሼን አንድ የጠቆረ ፊት አላስችል አላቸው። «ትንሽ ውኃ ሲነካው ቀለሙ ይወጣል» ብለው መሐረባቸውን አርጥበው በመከለያው ላይ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ጥበቃው ተወርውሮ ክንዳቸውን ያዘ።

የስፍራው የጥገና ባለሙያ ወጣት ሴት ነበረች፤ አልተቆጣችም። ምርጊቱ ወደ ረገፈበት ጥግ ወስዳን ባትሪዋን አብርታ ጠርዙን አሳየችን፦ ከታች በመሮ የተፈለፈለ ሸካራ ዐለት፣ በላዩ ገለባና የዕፅዋት ጭረት የተቀላቀለበት ጭቃ፣ ከዚያ ስስ የኖራ ልባጥ፣ በመጨረሻም ቀለሙ። ቀለሙ ኖራው ሳይደርቅ አብሮት የጠጠረ ሳይሆን፣ ከደረቀ በኋላ በሙጫ ተለውሶ የተቀባ ስለሆነ፣ ውኃ ሲነካው ይለቃል፤ ጭቃውም ያብጣል። ጋሼ ጎንበስ ብለው አስተዋሉና «ይኼማ የእኛው የጭድ ምርጊት ነው እኮ!» አሉ።

ጥቁረቱም ቢሆን የሠዓሊዎቹ ሥራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1922 በወቅቱ አካባቢውን ይገዛ የነበረው የሃይደራባድ ኒዛም (የገዢው ማዕረግ ነው) መንግሥት ያስመጣቸው ጣሊያናውያን ባለሙያዎች የሚረግፈውን ቀለም ለመያዝ ሼላክ የተባለውን ቫርኒሽ ቀብተውት ነበር፤ እሱም እያደር ቢጫ ሆነ፣ ጠቆረም። እነሱም እንደ ጋሼ ሥዕሉን ለማዳን ብለው እንደነበር አልጠራጠርም፤ ይበልጥ ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ግድግዳው ደግሞ ምትክ የለውም፤ እንግሊዛዊው መኮንንና ሠዓሊ ሮበርት ጊል እ.ኤ.አ. ከ1844 ጀምሮ ለዓመታት ከሠራቸው የሥዕሎቹ ቅጂዎች አብዛኞቹ በ1866 ለንደን ውስጥ ክሪስታል ፓላስ በተባለው የኤግዚቢሽን አዳራሽ ቃጠሎ ወድመዋል።

ከሰዓት በኋላ የቀሩትን ዋሻዎች መጎብኘቱ ቀርቶ፣ ጋሼ ስለ አሟሚ ኬሚካሎች፣ በጥጥ ጫፍ ስለሚሞከረው ቦታ ስፋትና ስለ ምርጊት ምርመራ ሲጠይቁ፣ ወጣቷ ስትመልስ፣ እኔም ሳተረጉም ዋልን።