የማጥለያው ስም

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ስቀጠር ጭንቀቴ እንግሊዝኛዬ ነበር። ለካ ኪችን ውስጥ የሚሠራው በስፓኒሽ ኖሯል። ዋሽንግተን ዙሪያ ሐበሻም የኤል ሳልቫዶር ሰውም ብዙ ነው። በእኔ ፈረቃ ግን ሐበሻው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከስልኬ ላይ አንዲት ጥያቄ ሸመደድኩ፤ «ኮሞ ሴ ያማ?» ምን ይባላል ማለት ነው። በቃ፣ ዕቃ እያነሳሁ መጠየቅ ሆነ ሥራዬ። መጥረጊያ ኤስኮባ። ማንኪያ ኩቻራ። ቢላ ኩቺዮ። (ሁለቱን ስንት ቀን እንዳምታታሁ አትጠይቁኝ።)

አንድ ቀን ስጋ ጠባሹ ልጅ የፓስታ ማጥለያ ይዞ አለፈ። እጄ አረፋ ውስጥ ስለነበር በአገጬ ጠቆም አድርጌ ጠየቅኩት። «ቼሌ» አለኝ ፈገግ ብሎ። ማጥለያ፣ ቼሌ። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

ዓርብ ማታ ቤቱ ጢም ብሏል። ፓስታው ከመጠን በላይ ሊበስል ነው፣ ማጥለያው የለም። «ቼሌ! ቼሌ!» ጮህኩ። ልጁ ጥብሱን ጥሎ እየሮጠ መጣ። እኔ ድስቱን እያሳየሁ «ቼሌ!» እሱ ደረቱን እየመታ «ሲ፣ ቼሌ!» እንዲህ ስንባባል ሁለት ስቴክ አረረ።

የገላገለችን ሰላጣ የምትሠራው ሴትዮ ናት፤ ያውም ስቃ ስትጨርስ። ቼሌ የልጁ ቅጽል ስም ነው። አገራቸው ቀላ ያለውን ሰው እንዲያ ነው የሚሉት፤ የኛው «ቀዮ» በሉት። «ሴ ያማ» ደግሞ ለዕቃም፣ ለእሱም፣ ለእሷም፣ ለአንቱም አንድ ነው። ልጁ በአንቱታ ስሙን የጠየቅኩት መስሎታል። አልፈርድበትም፤ እኛስ «ማን ይባላሉ?» ስንል እርስዎም እሳቸውም እነሱም አይደሉ?

የጎደለችኝ «ኤስቶ» ነበረች። «ይህ» ማለት ናት። «ኮሞ ሴ ያማ ኤስቶ?» ብል፣ ወይም አጠር አድርጌ «ኬ ኤስ ኤስቶ?» ይህ ምንድን ነው ብል ስጋው ባላረረ። በስፓኒሽ ዕቃው ሁሉ ወይ ወንድ ወይ ሴት ነው፤ ስሙን ለማታውቀው ነገር ግን ኤስቶ ብቻ ይበቃል፣ ጾታ መገመት የለም። አሁን ቃሉን በእንግሊዝኛ ካወቅኩት «ኮሞ ሴ ዲሴ» ብዬ እሱን እጨምርና «ኤን ኤስፓኞል?» እላለሁ፤ በስፓኒሽ እንዴት ይባላል ማለት ነው።

ማጥለያ ኮላዶር ነው። ኪችኑ ውስጥ ግን እስክለቅ ድረስ ያ ዕቃ ቼሌ ነበር። ልጁ ራሱ ሲፈልገው «ፓሳሜ ኤል ቼሌ» ይለኛል፤ ቀዮን አቀብለኝ።