ሐረጎን ከቫዮሊን ጋር መውረድ

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ቫዮሊን ይዞ መሄድ ጣጣ ነው። ሳጥኑ ጭን ላይ አይመችም፣ ጣሪያ ላይ አይጫንም። ረዳቱ "ለሱም ትከፍላለህ" ይላል። ፍተሻ ላይ ደግሞ ቅርጹ ያጠራጥራል። አንድ ቀን መንገዱ ላይ ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ አስወርደው አስከፈቱኝ።

"ምንድን ነው?"

"ቫዮሊን።"

"እስቲ ተጫወት።"

መንገድ ዳር ቆሜ አምባሰል ተጫወትኩ። ተሳፋሪው አጨበጨበ። የተናደደው ሹፌሩ ብቻ ነበር።

ኮምቦልቻ የምወርደው ለእንጀራ ነው። ሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ፤ የመጋዘን ዕቃ የሚቆጣጠር ፕሮግራም እጽፋለሁ። ደሴ ስመለስ ለቫዮሊን የሙዚቃ ድርሰት እጽፋለሁ። ሁለቱን እንዴት ያዝካቸው የሚሉኝ አሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እኔ አልያዝኳቸውም፤ እነሱ ናቸው ይዘው ያንገላቱኝ።

ቀኑን ለኮድ፣ ሌሊቱን ለሙዚቃ ከፈልኩት። ሲወራ ያምራል። ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ ሲመታ የዋለ ግራ እጅ ግን ማታ ክር ጫን ሲሉት ያኮርፋል። አንጓዬ አበጠ። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ቫዮሊን እንዳልነካ ከለከለኝ። ኪቦርዱን አልከለከለኝም፤ እኔም አላነሳሁበትም።

አሁን የምለማመደው ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ 40 ደቂቃ ብቻ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ጣቴን በሻይ ብርጭቆ አሙቄ። እዚህ ላይ ከሥራ የመጣ ልማድ ጠቀመኝ። ፕሮግራም ሲበላሽ ሙሉውን ደጋግመህ አታስኬደውም፤ ስህተቱ ያለበትን መስመር እስክታገኝ ትቆራርጠዋለህ። ድሮ አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች አስር ጊዜ እጫወት ነበር። ስህተቱን አስር ጊዜ ተለማመድኩት ማለት ነው። አሁን የምትሰናከለውን አንዲት የጣት ዝውውር ነጥዬ እሷኑ ብቻ እሠራለሁ።

ፋይሎቼማ ጉድ ነበሩ። "አምባሰል የመጨረሻ"፣ "አምባሰል የመጨረሻ 2"፣ "አምባሰል እውነተኛ የመጨረሻ"። አንድ ማታ መብራት ሄደና ባትሪው የሞተው ኮምፒውተሬ አብሮ ጠፋ። እውነተኛው የመጨረሻም በዚያው ቀረ። ሥራ ቦታ ጊትን፣ የፋይልን ለውጥ ሁሉ መዝግቦ የሚያስቀምጠውን ፕሮግራም፣ የማይጠቀም ባልደረባ ሳይ የምቆጣ ሰው ነኝ! ከዚያ ወዲህ ኖታዬን የምጽፈው ሊሊፖንድ በሚባል የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፤ ኖታው እንደ ኮድ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ጊት ምን እንደቀየርኩ መስመር በመስመር ያሳየኛል። ኢንተርኔት ባይኖርም እዚሁ ላፕቶፑ ላይ ይሠራል። ለእኛ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ግን አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት ላይ ነው። ቅኝት ፕሮግራመርን ያማልላል፤ አምስት ቁጥር ይመስላል። አንቺሆዬ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው። ከዶ ያላቸውን ርቀት በግማሽ ድምፅ ቆጥሬ፣ ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9 ብዬ ጻፍኩት። ላን 440 ኸርዝ አደረግኩ፣ ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ከፈልኩ፣ ድምፁን አወጣሁ። ጣቴንም በዚያ ልክ አሠለጠንኩ። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

ሰፈራችን ማሲንቆ የሚመቱ አንድ ሽማግሌ አሉ። ቫዮሊኔን "ባለ አራቱ" ይሉታል፤ የሳቸው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነውና። ተጫወትኩላቸው። "አብሽር፣ ቆንጆ ነው" አሉኝ። የወሎን ይሉኝታ የሚያውቅ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እውነቱ የወጣው ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ነው።

"የኔ ጌታ፣ ድምፁ ቆመብህ እኮ። አንቺሆዬ መቼ ይቆማል?"

የሳቸውን በስልኬ ቀድቼ ቤት ገባሁና ድምፁን በፕሮግራም ለካሁት። አምስቱን ቁጥሮቼን ፈልጌ አጣኋቸው። ያው ኖታ ሲወጡ አንድ ቦታ ነው፣ ሲወርዱ ሌላ። ከታች ተንሸራቶ ይመጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሄዳል። ለነገሩ 12 እኩል ክፍፍሉ ራሱ ለፒያኖ የተመቸ ስምምነት ነው። ግማሽ ድምፅን መቶ ቦታ ብንከፍለው አንዱ ሴንት ይባላል፤ ሳንቲም በሉት። ንጹሑ ሜጀር ሦስተኛ፣ ማለትም ከዶ እስከ ሚ ያለው ርቀት፣ ከፒያኖው 14 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል። ቫዮሊንም እንደ ማሲንቆ እንደ ጊታር አንገት ላይ ጣት የሚገድብ መስመር፣ ፍሬት የሚሉት፣ የለውም። በፒያኖ ልክ ያሰርኩት እኔው ነኝ።

ፕሮግራሙን አልጣልኩትም። አሁን አንድ ዶ ብቻ ያለማቋረጥ ያሰማኛል፤ የቀረውን በጆሮዬ ከሱ ላይ እፈልጋለሁ። ተስማሚውን ለማግኘት ብዙ ወር ፈጀብኝ፤ ገናም ነኝ።

የምጽፈው ድርሰትም ተቀየረ። ለቫዮሊንና ለማሲንቆ ሆነ። የሳቸውን ክፍል በኖታ ልጽፍ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ደመሰስኩት። አሁን ባዶ መስመር ላይ "እዚህ ጋ ይጠብቁ" ይላል፤ ሌላ የለውም።

ባለፈው እሁድ አብረን ተለማመድን። ቫዮሊኑ ከሰኞ እስከ አርብ ኮምቦልቻ ነበር የከረመው። 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው፤ አየሩ ሲለወጥ እንጨቱ መቃኛ ይሸሻል፣ ስመለስ ጠብቆ አልዞር ይላል። ስታገል አዩኝና ማሲንቋቸውን በእኔ ሬ ሊቃኙ ሞከሩ። ክሩን ከረር አደረጉት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ለኔ ጉሮሮ ከፍ ብሏል። ና ወደዚህ ውረድ።"

አራቱንም ክር ግማሽ ድምፅ አወረድኩ። ላፕቶፑ ላይ ያለው ኖታ ግን አሁንም በድሮው ቃና ነው። እስካሁን አልቀየርኩትም።