ሃያ ሰባት ሰፌድ

ባለፈው ክረምት ልጆቼን ይዤ ከስዊድን ሱሉልታ፣ እናቴ ቤት ገባሁ። ሴቷ 8 ዓመቷ ነው፤ ወንዱ 5። ከመምጣታችን ጥቂት ቀደም ብሎ ልጄ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ተመልሳ ነበር። የክፍል ጓደኞቿ «እስቲ በአፍሪካ ቋንቋ ተናገሪ» ብለዋታል። አማርኛ ብታሰማቸው «እሱ የኢትዮጵያ ነው፤ የአፍሪካውን» አሏት። «እማዬ፣ የአፍሪካውን ለምን አላስተማርሽኝም?» ብላ ጠየቀችኝ። ከአገሬ ከወጣሁ 16 ዓመት ሆኖኛል፤ እንደዚያ ቀን መልስ ያጠረኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ያለውን ካርታ አይቼዋለሁ። ግሪንላንድ ከአፍሪካ ጋር የምትስተካከል መስላ ተንሰራፍታለች። ካርታው መርካቶር የተባለው ሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1569 ባወጣው ዘዴ የተሠራ ነው። ዘዴው ለመርከበኞች አቅጣጫን ይጠብቃል፤ ወደ ዋልታዎቹ የሚቀርበውን መሬት ግን ይለጥጠዋል። በእውነቱ አፍሪካ ግሪንላንድን 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። ይህን ቁጥር ለሕፃን ቢነግሩት ግን ከጆሮው አያልፍም።

ዝናቡ ጋብ ያለበት አንድ ጠዋት የእናቴን አሮጌ ሰፌድ ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ። «ይህቺ ኢትዮጵያ ናት» አልኳቸው። አገራችን ስፋቷ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አፍሪካ 30 ሚሊዮን። ስለዚህ 27 ሰፌድ ያስፈልገናል። ሰፌዱን እርጥቡ መሬት ላይ እያስቀመጥን፣ ዙሪያውን በእንጨት እየጫርን፣ እያነሣን ሄድን። የጎረቤት ልጆችም መጥተው ተቀላቀሉ። ስምንቱን ሰሃራ ብለን አመድ ነሰነስንባቸው። አልጄሪያ ብቻዋን ሁለት ሰፌድ ሞልታ ተረፋት፤ ዲሞክራቲክ ኮንጎም እንደዚሁ። ደቡብ አፍሪካ ስንደርስ ግቢው አልቆ የላሞቹ በረት ደጃፍ ላይ ቆመናል። ልጄ ሰፌዱን ወስዳ ግሪንላንድን ከአጥሩ ሥር ሳለቻት፤ ሁለት ሰፌድ። ከዚያ መሐል ቆማ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

እናቴ በረንዳው ላይ ባቄላ ትለቅም ነበር። «መሬቱንስ አሳየሻቸው፤ ሰዎቹን የት ጣልሻቸው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ ራሴ አፍሪካን ያወቅሁት በስደት ነው። ሱሉልታ ሳድግ ከእንጦጦ ወዲያና ወዲህ ካለው ሌላ ዓለም አልነበረኝም። ከእናቴ እፍኝ ባቄላ ተቀበልኩና የማውቃቸውን ሰዎች በየሰፌዳቸው ማስቀመጥ ጀመርኩ።

የመጀመሪያዋ በአረጋውያን መጦሪያ አብራኝ ሌሊት ተረኛ የነበረች ታንዛኒያዊት ናት። አንድ ጠዋት ለእናቷ በስልክ «እዚህ ሳ ምቢሊ ነው» ስትል ሰማኋትና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሁለት ሰዓት» አለችኝ። የግድግዳው ሰዓት ስምንትን ያሳያል። ዘልዬ አቀፍኋት! በስዋሂሊም እንደ እኛው ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው። እኔ ግን በዓለም ላይ እንዲህ የምንቆጥረው እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሴኔጋላዊቷ ጎረቤቴ ከአንድ ትልቅ ሳሕን ሩዝና ዓሣ አብራን ስትበላ ጥሩ ጥሩውን እየቆረሰች ወደ እኔ በኩል ታደርገዋለች፤ እጇን ባየሁ ቁጥር ጉርሻ ትዝ ይለኛል። ናይጄሪያዊውን ያገኘሁት በጋራ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ሲያለቅስ «ታ ሙቱ፣ ታ ሙቱ» ይላል። ሐውሳ አንድም ቃል አላውቅም፤ እናቱ እንደሞተችበት ግን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። ሐውሳ፣ ሶማሊኛና አማርኛ የአንድ ቋንቋ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን በኋላ አነበብኩ። ያን ቀን አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሌላ ያደረግሁለት ነገር የለም።

እናቴም ተነሥታ መጣች። ግንቦት 1955 ዓ.ም. የ30 ያህል አገሮች መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ስማቸውን ከጎረቤት ሬዲዮ ሰምታለች። ለጋናው ንክሩማ አንድ፣ ለታንዛኒያው ኔሬሬ አንድ፣ ለግብፁ ናስር አንድ ባቄላ አስቀመጠች። ቦታቸውን የጠቆመቻት ልጄ ናት።

«በዚህ ሁሉ ስንት ቋንቋ አለ?» አለች ልጄ።

«ከሁለት ሺህ በላይ።»

«ታዲያ የትኛውን ነው የጠየቁኝ?»

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወርዶ ሥዕላችንን አጠበው። ትንሹ ልጄ ውኃውን እየተከተለ እስከ በሩ ሮጠና የት እንደሚሄድ ጠየቀኝ። ከእንጦጦ በስተደቡብ የሚወርደው ወደ አዋሽ ገብቶ ባሕር ሳይደርስ ይቀራል፤ የእኛው ግን ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ አባይ፣ በሱዳን አድርጎ ግብፅ ይዘልቃል። በጣቱ መንገዱን ሊያሳየኝ ቢሞክር ሰፌዶቹ ጠፍተዋል።

ልንመለስ ስንል ልጄ ሰፌዱን ለክፍሏ ልጆች ይዛ መሄድ እንደምትፈልግ ለአያቷ ነገረቻት። እናቴ አሮጌውን አልሰጠቻትም፤ ከግድግዳው ላይ አዲሱን አወረደችላት።