ሃርትስቶንን ለጀማሪ ሳስተምር መጀመሪያ ማና ነው የማስቆጥረው

ሃርትስቶን ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ካርታ ሲጨመርበት የኖረ የኮምፒውተርና የስልክ የካርታ ጨዋታ ስለሆነ፣ ዛሬ የሚጀምር ሰው ብዛቱን አይቶ ይደነግጣል። ስለዚህ ስለ ካርታዎቹ አላወራም። የማስተምረው ማና፣ ማለትም ካርታ ለመጫወት የሚከፈለውን ነጥብ፣ መቁጠር ነው። በመጀመሪያው ተራ 1 ማና አለ፣ በሁለተኛው 2፣ እንዲህ እያለ እስከ 10 ይደርሳል። ያልወጣ ማና ለሚቀጥለው ተራ አይተርፍም። አምስተኛው ተራ ሲያልቅ የተሰጠው በድምሩ 15 ማና ነው። ጀማሪው በየተራው ስንቱን እንዳወጣ ደብተር ላይ ይጽፋል። ከ15ቱ 8ቱን ብቻ አውጥቶ «የተሸነፍኩት ካርታዬ ደካማ ስለሆነ ነው» ለሚል ሰው መልሱ እዚያው ተጽፏል።

ብክነቱ የሚጀምረው ግን ዴኩ፣ ማለትም ተጫዋቹ ይዞ የሚገባው የካርታ ስብስብ፣ ሲሠራ ነው። ጀማሪ ግዙፍና ውድ ካርታ ይወዳል፤ እንዲህ ያለውን 10 ከከተተ እስከ ስድስተኛው ተራ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ለ30ዎቹ ካርታዎች መነሻ የምሰጠው ይህን ነው፦ ባለ 1 ማና 4፣ ባለ 2 ማና 8፣ ባለ 3 ማና 7፣ ባለ 4 ማና 5፣ ባለ 5 ማና 3፣ ከዚያ በላይ 3። ጨዋታው ሲከፈት የሚመጡትን ካርታዎች መቀየር የሚቻለውም አንዴ ብቻ ነው። ቀድሞ የሚጫወተው 3 ያያል፤ ሁለተኛው 4 ያያል፣ ለአንድ ተራ 1 ማና የምትጨምር ሳንቲምም ይሰጠዋል። 5 ማናና ከዚያ በላይ የሚያስወጣውን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ያለማመንታት እንዲመልስ አደርጋለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ሚኒየን (ሜዳ ላይ ወጥቶ የሚዋጋ ፍጡር) ከሚኒየን ማጋጨት ነው። ይህንን በወረቀት ነው የማስረዳው። ከጥንቶቹ ካርታዎች አንዱ ቺልዊንድ የቲ 4 ማና ያስወጣል፣ ጉልበቱ 4፣ ሕይወቱ 5 ነው። ብለድፌን ራፕተር 2 ማና ያስወጣል፣ ጉልበቱ 3፣ ሕይወቱ 2። ሁለት ራፕተሮች ተባብረው የቲውን ይገድሉታል፤ ሁለቱም ግን አብረው ይሞታሉ። በማና ሲታይ 4 ለ 4 ነው፣ እኩል። በካርታ ሲታይ ግን ሁለት ተከፍሎ አንድ ነው የተገኘው። ጀማሪው እነዚህን ሁለት ሂሳቦች ለየብቻ ማየት ከጀመረ ትልቁን ዳገት ወጥቷል። ከዚያ በፊት የሚታየው ስህተት ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ያገኘውን ሚኒየን ሁሉ ይመታል፣ ሌላው ሜዳውን ረስቶ የጠላትን ጀግና (ሕይወቱ ሲያልቅ ጨዋታው የሚያበቃውን) ብቻ ይመታል። የጀግናው ሕይወት 30 ነው፤ በሦስተኛው ተራ 3 የመቀነሱ ጥቅም የጠላትን ሚኒየን በሕይወት ከመተው ጉዳት አይበልጥም።

ተራው በደረሰ ቁጥር አንድ ልማድ አስይዛለሁ፦ ምንም ከመንካቱ በፊት ሜዳ ላይ ያለውን ጉልበትና እጅ ላይ ያለውን አስማት ይደምር። ለምሳሌ ፋየርቦል የሚባለው አስማት በ4 ማና 6 ይጎዳል። ድምሩ የጀግናውን ቀሪ ሕይወት ካከለና መንገዱን የሚዘጋ ታውንት (መጀመሪያ እሱን እንዲመቱ የሚያስገድድ ሚኒየን) ከሌለ ጨዋታው አልቋል። ካላከለ፣ ካርታ የሚያስመዝዝ ነገር ካለው በቅድሚያ እሱን ይጠቀም፤ የሚመጣው ካርታ ሐሳብ ሊያስቀይር ይችላል።

አስተማሪው ራሱ የሚያበላሸው ነገርም አለ፤ ትክክለኛውን ካርታ በጣት ማሳየት። ተራው 75 ሰከንድ ስለሆነ ትዕግሥት ያልቃል። ነገር ግን የታዘዘውን የተጫወተ ሰው ምክንያቱን አይዝም። እኔ ዝም እላለሁ፤ ተራው ሲያልፍ ብቻ «ሌላ ምን ማድረግ ይቻል ነበር?» እላለሁ።

ደስት የሚባለውን የካርታ መሥሪያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባይነኩት ይሻላል። አንድ ሌጀንደሪ (ከሁሉ ብርቅ የሆነ ካርታ) ለመሥራት 1600 ይጠይቃል፣ ተመልሶ ሲፈጭ 400 ብቻ ይሰጣል። ተራ ካርታ ደግሞ በ40 ተሠርቶ በ5 ይፈጫል። ዛሬ የማይረባ መስሎት የፈጨውን በወሩ የሚፈልገው ጀማሪ ስምንት እጥፍ ይከፍላል። የተደገመ ካርታ ካለ ግን፣ ዴክ ውስጥ የሚገባው ሁለት ብቻ ስለሆነ (ሌጀንደሪ ከሆነ አንድ)፣ ሦስተኛውን ያለ ሥጋት ይፍጨው።