ዲስኩ ቀላሉ ሥራ ነው

ከአሰላ በኢተያና በዴራ አድርጎ ወደ አዳማ የሚወርድ የድሮ ካርማን ጊያ (የቮልስዋገን መኪና) የአራቱም እግሩ ፍሬን ታምቡር (ሸራ ከውስጥ የሚገፋው ከበሮ) ከሆነ፣ ቁልቁለቱ ሳያልቅ ፔዳሉ ይወርድበታል። ታምቡር ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይሸሻል። ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚባለው “ቶርኖ ቤት ይላጥ” ነው፤ የተላጠ ታምቡር ግን ስለሚሳሳ ጭራሽ ቶሎ ይግላል። ፋብሪካው ራሱ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ የፊቱን ፍሬን ዲስክ (ፓድ የሚባል ሸራ ከሁለት በኩል የሚጨብጠው ሳህን) አድርጎታል።

የፊቱን ታምቡር በዲስክ ለመቀየር ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ቸርኬው ይታይ፦ የቀድሞው ሞዴል ባለ 5 ብሎን ነው፣ የኋለኛው ባለ 4። የፊት እግሩም ከ1966 ሞዴል ወዲህ ቦል ጆይንት (የኳስ መጋጠሚያ) ስለሆነ የቀድሞው ዕቃ አይገጥምለትም።

ካሊፐር (ፓዱን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ዕቃ) ሲታሰር ግራና ቀኙ ይምታታል። የአየር ማውጫው ብሎን ወደ ላይ ካልሆነ፣ የፍሬን ዘይቱ በሊትር ቢፈስ እንኳ አየሩ ከላይ ተኝቶ ይቀራል።

ራስ ምታቱ ያለው ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ) ላይ ነው። የታምቡር ማስተር ውስጥ መስመሩ ላይ ጥቂት ግፊት የምታስቀር ቫልቭ አለች። ለታምቡር ደግ ናት፤ ዲስክ ላይ ግን ፓዱን አታስለቅቅም። ወደ ፊት በሚሄደው መስመር መኖር የለባትም፣ ወደ ኋላ በሚሄደው ትቆይ። ማስተር ከተቀየረ አይቀር ባለ ሁለት መስመር ይሁን፤ ባለ አንዱ አንድ ቱቦ ሲፈነዳ ፍሬን የሚባል ነገር አይተርፍለትም።

የፔዳሉ ዘንግ ከማስተሩ ፒስተን 1 ሚሊሜትር ያህል ይራቅ። ከተጠጋ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባትን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ዘይቱ ሲግል መሄጃ ያጣና ፍሬኑ ሳይረገጥ ይይዛል።

ዘይቱ ዶት 4 (DOT 4 የሚባለው ደረጃ) ይሁን። አዲሱ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል፤ ተከፍቶ የከረመ ጣሳ አይነካ። አየር ማውጣት ከኋላ ቀኝ ይጀመርና በፊት ግራ ያልቃል።

በመጨረሻ መኪናው በክሪክ ይነሳ፣ ፍሬኑ ተረግጦ ይለቀቅ፣ ጎማው በእጅ ይዙር። አልዞር ካለ ማስተሩ ላይ ያለው ቱቦ ይላላ፤ ያኔ ከለቀቀ ጥፋቱ የቫልቯ ወይም የዘንጉ ነው። ካለቀቀ የካሊፐሩ አየር ማውጫ ይከፈት። እዚያ ከለቀቀ ጎማ ቱቦው ውስጡ አብጧል፣ እዚያም እምቢ ካለ ፒስተኑ ዝጓል።