ጋሼ የሚያውቋቸው ሦስት የአማርኛ ቃላት

ባለፈው እሑድ አብሮ አደጌ ከደብረ ብርሃን ደወለ። ዲቪ ሞልቷል። ዕጣው ገና ሳይወጣ ሻንጣ ገዝቶ አልጋው ሥር አስቀምጧል። «እዚያ ስመጣ የታሪክ አስተማሪ ይፈልጋሉ?» አለኝ። ሳቅሁበት። ይኸው ሰው ከስድስት ዓመት በፊት በጠየቀኝ ጥያቄ የተዋረድኩትን ውርደት እስከ ዛሬ አያውቅም። ለእሱ ከምነግረው ለእናንተ ብነግር ይቀለኛል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ የእኛ ሲሆን የእኛ እላለሁ።

እኔም እንደ እሱ አስተማሪ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት ጠመኔ በልቻለሁ። የአሜሪካ ታሪክ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቅ ነበር፦ ሰሜንና ደቡብ ተዋጉ፣ ሊንከን ባሮቹን ነፃ አወጣ፣ ደወል ተደወለ። «ከዚያስ?» ብሎ እጁን ያወጣ ተማሪ አልነበረም። ቢያወጣም መልስ አልነበረኝም።

ቨርጂኒያ ስደርስ ዲግሪዬን ፍሬም አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩና ሆቴል በር ላይ ቆምኩ። ሥራው «ቤልማን» ይባላል። እናቴን «የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ» አልኳት። ውሸት የለበትም፤ እንግዳውን ከነሻንጣው እቀበላለሁ። ከነውሻውም ጭምር። እዚህ አገር ውሻ ሆቴል ሲያድር የራሱ አልጋ ይዘጋጅለታል፤ ስሙም በትክክል ይጠራል። የእኔ ስም ግን በ«ጥ» ይጀምራል። ማናጀሩ ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስተኛውን ተወው፣ በማግስቱ «ቲም» የሚል ባጅ ይዞልኝ መጣ። አባቴ ክርስትና ያስነሡኝን ቀን እያሰብኩ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት።

አብረውኝ የሚሠሩት ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ያኔ ሰባ ሊሞላቸው ነበር። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ ጋሼ ነው የምላቸው። ከባድ ሻንጣ ሲመጣ ተሽቀዳድሜ እወስዳለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ጥሩ ጉርሻ የሚሰጠውን እንግዳ ከሩቅ ያውቁትና ወደ እኔ ይመሩታል።

አንድ ቀን ብሬክ ላይ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተቀምጬ ይኸው ጓደኛዬ ደወለ። ደመወዝ ጠየቀ፣ ስለ በረዶው ጠየቀ፣ ከዚያ «ባሮቹ አያስቸግሩህም?» አለኝ። እኔ፣ የታሪክ መምህሩ፣ ምን ብዬ መለስኩ? «ኧረ እኔ ጋር የሚሠራው ባሪያ ወርቅ የሆነ ሰው ነው!» እያሞገስኩ እኮ ነው። ጋሼ ከጎኔ ሆነው የጫማቸውን ክር ያስሩ ነበር። ስልኩን እስክዘጋ ጠበቁ።

«ከእናንተ አገር ሰዎች ጋር ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» አሉኝ። «ሦስት ቃል ነው የማውቀው። አንዱ ‹እሺ› ነው። ሁለተኛው ‹ቡና›። ሦስተኛውን አሁን አንተ አልከው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። እሳቸው ምንም አልጨመሩም። ውጭ ቱሪስት የጫነ አውቶቡስ ደርሶ ነበርና ወጥተን አርባ ምናምን ሻንጣ አንድ ቃል ሳንነጋገር አወረድን። እንደዚያ ቀን ዝም ብዬ ሠርቼ አላውቅም። አገር ቤት ቢሆን ሽማግሌ ልኬ እታረቅ ነበር። እዚህ ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ የባሰውን አመጣሁት። «ቃሏ እኛ ዘንድ እንደ እናንተ አገር ክፉ አይደለችም» ብዬ ጀመርኩ። ቀጥዬ፣ መቼም የማይቀር ነው፣ «እኛ እኮ ቅኝ አልተገዛንም» አልኩ።

«ቅኝ ስለመገዛት መች ጠየቅኩህ?» አሉኝ። «ባሪያ ነበራችሁ ወይ?»

ምን ልበል? ባርነትን የሚሽር ቁርጥ ያለ አዋጅ የወጣው በ1942 ነው፣ በእኛ 1934። አያቴ ቤት ራሱ «እኛው ጋር ያደገች» የሚሏት አሮጊት ነበረች። ሠርግም ይሁን ለቅሶ እሷ ከምድጃው አትርቅም። ከማን ተወለደች፣ ከየት መጣች ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ይህን ሁሉ ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ዝም አልኩ፣ እሳቸውም ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰዱት። ከዚያ አፌን ለማሟሸት ዓድዋን አነሣሁ፦ 1896፣ ጥቁር ነጭን ያሸነፈበት። ፊታቸው ፈካ። ዓድዋን ያውቁታል፤ አያታቸው ይተርኩላቸው ነበር። «እኛ በዚያ ዓመት ምን እንዳገኘን ታውቃለህ?» አሉ። አላውቅም። ከዓድዋ ድል በ78ኛው ቀን፣ በፈረንጅ ሜይ 18፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሉዊዚያና ውስጥ ጥቁርና ነጭ በተለያየ ባቡር ፉርጎ ይሳፈሩ የሚለውን ሕግ አጸደቀ። «ተለያይተው ግን እኩል» አላቸው። ሊንከን ከሞተ 31 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያ ያልተጠየቅኩት «ከዚያስ?» እዚህ ጠበቀኝ።

የባቡሩ ነገር ጋሼን የሚነካቸው በሌላም በኩል ነው። አያታቸው የፑልማን ፖርተር ነበሩ። ፖርተር ማለት የመኝታ ባቡር አስተናጋጅ ነው፦ አልጋ ያነጥፋል፣ ጫማ ይጠርጋል፣ ሻንጣ ይሸከማል። ጆርጅ ፑልማን ኩባንያውን ያቋቋመው በ1867፣ ባርነት በሕገ መንግሥቱ 13ኛ ማሻሻያ በተሻረ በሁለት ዓመቱ ነው። ለዚህ ሥራ የቀጠረው ጥቁሮችን፣ በመጀመሪያ ከባርነት የወጡትን ነበር። ማገልገል ለምደዋል፣ በርካሽም ይገኛሉ ብሎ። ተሳፋሪው ሁሉንም «ጆርጅ!» እያለ ይጠራቸዋል፤ ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ እንደነበረው። በኋላ ጆርጅ የሚባሉ ነጮች «ስማችን ለፖርተር አይዋል» ብለው ማኅበር አቋቋሙ። ለፖርተሮቹ አዝነው ነው ብዬ ነበር። ለካ ለራሳቸው አዝነው ነው።

ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ደረቴ ላይ ያለውን «ቲም» አዩትና ምንም አላሉም።

የፖርተሮቹ ደመወዝ ትንሽ ነበር፤ የቀረው በጉርሻ ይሞላል። የጉርሻ ነገር ሲነሣ እዚህ ላይ ትንሽ ልበሳጭ። እኛ ዘንድ ጉርሻ ፍቅር ነው፤ አንዱ ሲያንስ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይጨመራል። እዚህ ባለቤቱ ሊከፍል የሚገባውን እንግዳው ይክፈለው የሚባልበት ዘዴ ነው። በፌዴራሉ ሕግ በጉርሻ የሚኖር ሠራተኛን ቀጣሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ ቢከፍለው ይችላል፤ ይህች ቁጥር ከ1991 ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም። ሥሩ ቢቆፈር እንደ ፑልማን ያሉት አሠሪዎች ዘንድ ይደርሳል፦ ነፃ የወጣውን ሰው ደመወዝ ሳይሆን ምጽዋት የሚያስጠብቅ።

በ1894 የፑልማን ፋብሪካ ሠራተኞች አድማ መቱ። ቺካጎ አጠገብ ሠራተኞቹ የሚኖሩባት የኩባንያው የራሱ ከተማ ነበረች። ደመወዛቸውን ሩብ ያህል ሲቀንስ የቤት ኪራዩን አልነካውም። (አከራዮቻችንን አስታወሰኝ።) በዩጂን ዴብስ የሚመራው የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ደገፋቸው፣ የአገሩ ብዙ ባቡር ቆመ። ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ በሰኔ መጨረሻ የሠራተኞች ቀን በዓል እንዲሆን ፈረመ፣ ሳምንት ሳይሞላው ወታደር ወደ ቺካጎ ላከ። የሴፕቴምበሩ ሌበር ዴይ የመላ አገሩ በዓል የሆነው እንዲህ ነው። እኛ ሆቴል ያን ቀን ይሞላል፤ የሠራተኛውን በዓል ሠራተኛ ሆነን እናሳልፋለን። በደርግ ጊዜ ሚያዝያ 23 ወዛደር እያልን የተሰለፍንበት በዓልስ? እሱም መነሻው ቺካጎ ነው፣ የ1886ቱ የስምንት ሰዓት ሥራ ጥያቄ። ብዙው ዓለም ሲያከብረው አሜሪካ ዞር ብላ ታየዋለች።

አድማ መቺው ማኅበር ታዲያ ጥቁር አባል አይቀበልም ነበር። ባለቤቱ በእነሱ ይከብራል፣ ባለቤቱን የሚታገለውም አያስገባቸውም። ፖርተሮቹ የራሳቸውን ማኅበር እስኪያቋቁሙ 1925 ደረሰ። መሪያቸው ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ ኩባንያውን ውል ያስፈረመው በ1937፣ ከ12 ዓመት ሙግት በኋላ ነው። በወር 400 ሰዓት የነበረው ሥራ ወደ 240 ወረደ። የጋሼ አያት ያን ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለት ተከታታይ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ አሉ።

አሁን ወንበራችሁን ያዙ። ፑልማን በ1897 ሞቶ ሠራተኛ አስከሬኑን እንዳያወጣው ተብሎ በኮንክሪትና በብረት ተቀበረ። ኩባንያውን የተረከበው ማን ነው? ሮበርት ቶድ ሊንከን። የአብርሃም ሊንከን ልጅ! ባሮቹን ነፃ ያወጣው ሰው ልጅ፣ የነፃዎቹን ልጆች በጉርሻ የሚያሠራው ኩባንያ ፕሬዚዳንት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት ትምህርት ያን ቀን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ፈረሰብኝ።

የሮበርት መቃብር እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን የሚባለው ብሔራዊ መካነ መቃብር ውስጥ ነው፣ ሁላችንም ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ኬኔዲን ልናሳይ የምንወስድበት። ቦታው የደቡቡ ጄኔራል ሊ ይኖርበት የነበረ፣ በባሮች ጉልበት የታረሰ ርስት ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1863፣ ነፃ የወጡ ሰዎች የሚኖሩበት «ፍሪድማንስ ቪሌጅ» የሚባል መንደር እዚያው ተመሠረተ፤ በ1900 ተዘጋ። የጋሼ ቤተሰብ ከዚያ ከተነሡት ናቸው። ክትፎ የምንበላበት ኮሎምቢያ ፓይክ የሚባለው ጎዳና የእነሱ ሠፈር ነበር ማለት ነው። እኛ «ሠፈራችን» የምንለው።

አንድ ሰኞ ይዘውኝ ሄዱ። ኬኔዲ ጋር አልቆምንም። ክፍል 27 የሚባለው ጋ ወሰዱኝ። ከ3,800 በላይ ከባርነት የወጡ ሰዎች ተቀብረዋል፤ ድንጋያቸው ላይ ማዕረግ የለም። ስማቸው አለ፣ ከሥሩ «ሲቪል» ወይም «ዜጋ» ይላል። ፍርድ ቤቱ በ1857 ጥቁር የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ነበር፤ ዜግነቱን ያጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ የመጣው በ1868 ነው። እዚያ መቀበር የተጀመረው በ1864። አስሉት። በሕይወቱ ያልደረሰበትን ድንጋዩ ላይ የጻፉለት ሰው አለ።

እኔ የዜግነት ፈተናዬ ቀን ትዝ አለኝ። መቶዋን ጥያቄ እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድጄ ነበር። «ለእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት የሆነ አንድ ችግር ጥቀስ» አለችኝ ፈታኟ፤ «ባርነት» አልኩ፤ «ጎበዝ» አለችኝ። እጄን አንሥቼ ማልኩ፣ ባንዲራ ይዤ ፎቶ ተነሣሁ፣ ፌስቡክ ላይ «በላቤ ያገኘሁት» ብዬ ለጠፍኩ። ጋሼ መቃብሮቹ መሐል ሲነግሩኝ ነው ያወቅኩት፦ በ1790ው ሕግ ዜግነት መጠየቅ የሚችል የውጭ ሰው «ነፃ ነጭ» ብቻ ነበር። አፍሪካ የተወለደ ሰው የተጨመረው በ1870፣ እነዚህ ሰዎች ነፃ ከወጡ በኋላና እነሱ ነፃ ስለወጡ ነው። የቻይናዊው ጎረቤቴ ወገኖች ለዚያው በር እስከ 1943 ጠብቀዋል። ልጄም እዚህ በመወለዷ ብቻ አሜሪካዊት የሆነችው በዚያው በ14ኛው ማሻሻያ ነው። «በላቤ» ያልኩትን ያን ማታ አጠፋሁት። 212 ላይክ ነበረው፤ ቆጭቶኛል፣ አልዋሽም።

ለምትመጡት አንድ ሁለት ነገር ልበል። ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ግን ጀርባችሁንም አጠንክሩ። ባጅ ሲሰጣችሁ ስማችሁን ራሳችሁ ጻፉ፤ የመጀመሪያው ቀን ካለፈ «ቲም» ሆናችሁ ትቀራላችሁ። የሠራተኛ ማኅበር ካርድ ሲመጣላችሁ አትሽሹ። እኔ ሦስት ዓመት ሸሽቻለሁ፤ የደርግ መዋጮ የቆረጠው ሰው ማኅበር ሲባል ይደነብራል፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ስንት አበሻ ምግብ ቤት ሒሳብ ልክፈል ብሎ ይደባደባል፣ የማኅበሩን መዋጮ ግን «ፖለቲካ ነው» ብሎ ያልፋል። የፈረመው አሜሪካዊ ያገኘውን የኦቨርታይም ክፍያ ግን አብረን እንበላለን።

ጋሼ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጡ። ስሜን በትክክል ሳልጠራ አልሄድም ብለው ሻንጣ ክፍሉ ውስጥ «ጥ፣ ጥ» ሲሉ ዶሮ የሚጠሩ ይመስሉ ነበር። አልሆነላቸውም። «ቲም» ግን አንድም ቀን ብለውኝ አያውቁም።

እሑድ ጓደኛዬ ስለ ሻንጣው ከነገረኝ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ያንኑ ቃል ጨምሮ ጠየቀኝ። ዘንድሮ ዝም አላልኩም። «ስማ፣ እዚህ ስትመጣ መጀመሪያ የማስተዋውቅህ ሰው ያቺን ቃል ያውቋታል» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ከልቡ ገርሞት፦

«እንዴ! አማርኛ ማን አስተማራቸው?»